ያውቁ ኖሯል? ሎኬሽን ምስክር ሲቆም

«ዕቃዎ ደርሷል» ይላል ስልክዎ። እርስዎ ኮተቤ ቤትዎ ቁጭ ብለው ያዩት ነገር የለም። ሞተረኛው ደግሞ «ሎኬሽኑን እዩት» ባይ ነው። እስቲ ምስክሩን ራሱን እንመርምረው።

ያውቁ ኖሯል? የስልክ ጂፒኤስ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የ4ቱን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ነጥቡን ለዴሊቨሪ ድርጅቱ የሚልከው መተግበሪያው ነው፤ ለዚያውም በሞባይል ዳታ። ስለዚህ ኔትወርክ በሚጠፋበት የእንጦጦ ጥግ የተመዘገበ ነጥብ ዘግይቶ ቢደርስ ሞተረኛው ዋሽቷል ማለት አይደለም። መታየት ያለበት ነጥቡ የተመዘገበበት ሰዓት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ ስልክ የሚሳሳተው በ5 ሜትር ገደማ ነው። በመገናኛ ፎቆች መካከል ግን ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ በአሥር ሜትሮች ሊቆጠር ይችላል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍም የራሱን ይጨምራል። የእርስዎ ግቢ ከጎረቤትዎ የሚለየው በአንድ ቆርቆሮ አጥር ከሆነ «በር ላይ ነበርኩ» የሚለው ነጥብ የትኛው በር እንደሆነ አይነግርዎትም።

ያውቁ ኖሯል? ጂፒኤስ ከሁሉ የሚደክመው ከፍታን ሲለካ ነው። ካርታው ላይ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤትና 4ኛ ፎቅ አንድ ነጥብ ናቸው። ለጥበቃ ተሰጥቶ የቀረ ዕቃና እጅዎ የገባ ዕቃ በሎኬሽን አይለዩም። የአድራሻ ጭቅጭቅ የሚበዛው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ደረጃ መውጣት ማን ይወዳል?

ያውቁ ኖሯል? አያት በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲመሠረት ከየካ ወጥታ ወደ አዲሱ ገብታለች። የወረቀት አድራሻ ተቀየረ፤ የካርታው ነጥብ ግን ንቅንቅ አላለም።

ያውቁ ኖሯል? የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው፤ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ ሌላ ነው። ከአሮጌ ካርታ የተነበበ ቁጥር ሳይቀየር ስልክ ላይ ቢገባ አዲስ አበባ ላይ ከ200 ሜትር በላይ ያስታል። ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ጠባብ መንገዶች ይህ ሌላ ሰፈር ነው።

ያውቁ ኖሯል? የጂፒኤስ ሰዓት መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1980 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 27 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ የገና ዋዜማ!

ያውቁ ኖሯል? ብዙ ሲስተሞች ርክክብን የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ሲስተሙ ላይ 9:10 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከቀኑ 6:10 ነው። «በ9 ሰዓት እኮ ቤት ነበርኩ» ብለው ከመቆጣትዎ በፊት የየትኛው አገር 9 ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁ።

ያውቁ ኖሯል? የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ነበር። ያቆመው ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ስለነበር ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ዴሊቨሪ ባልታሰበ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በዚህ መስመር አካባቢ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ግድም፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው አየር እየተረበሸ የጂፒኤስ ሳተላይቶችን ምልክት ያንቀጠቅጣል።

ያውቁ ኖሯል? ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነበር። ነገር ግን ሥራዋ መሬትን ፎቶ ማንሳት እንጂ ቦታ መጠቆም አልነበረም፤ ሞተረኛዎን የምታየው እሷ አይደለችም።

ያውቁ ኖሯል? ፎቶ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ በውስጡ የነበረው የቦታ መረጃ ይሰረዛል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን፣ የካሜራው የቦታ ፈቃድ ክፍት ከነበረ፣ አብሮ ይሄዳል። «በር ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ይኸው ፎቶው» የሚለው ማስረጃ ብዙ ጊዜ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ያውቁ ኖሯል? አንድሮይድ ስልክን «እንጦጦ ነኝ» አሰኝቶ ሾላ ገበያ ቡና መጠጣት ይቻላል። የሐሰት ቦታ የሚያስገቡ መተግበሪያዎች አሉ። ጠንቃቃ ድርጅት የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ ሳይሆን መንገዱን በሙሉ ያያል፤ ከሲግናል ሰፈር ተነስቶ በአንድ ሴኮንድ ካራ የሚደርስ ሞተር የለምና።

ያውቁ ኖሯል? የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. ሲመሠረትም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ ዓመታት አብዛኛው ደንበኛ ዕቃውን የሚወስደው ፖስታ ቤት ሄዶ፣ ፈርሞ ነበር። ፊርማው ሎኬሽን የማይችለውን ይችላል፦ ማን እንደተረከበ ይናገራል። ሎኬሽን የሚመሰክረው ስልኩ የት እንደነበረ ብቻ ነው። ስለዚህ በእኔ ሚዛን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ለደንበኛው ከሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ጋር ሲጣመር ግን ጠንካራ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የቤትዎ ነጥብ ከስምዎና ከስልክዎ ጋር ሲቀመጥ የግል መረጃዎ ነው፤ ድርጅቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆየው መጠየቅ ነውር የለበትም።

እንግዲህ ሎኬሽን ሲልኩ ብሎክ፣ ፎቅና የቤት ቁጥር ጨምረው ይጻፉ። የማረጋገጫ ኮዱን ደግሞ ዕቃው እጅዎ ሳይገባ ለማንም አይንገሩ።