በእጅ ስልክ ትእዛዝ መገበያየት

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በእጃጂ ዛሬ የእህል ሒሳብ በእጅ ስልክ ሊከፈል ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲኾን፣ መግቢያው *127# ነው። ኮከቡና መሰላሉ ቁጥሩ ተራ ጥሪ ሳይኾን ትእዛዝ መኾኑን ያስታውቃሉ።

አጭር መልእክት በማእከሉ ተቀምጦ ኋላ ይተላለፋል። ይህ ትእዛዝ ግን ጥያቄና መልሱ እስኪያልቅ ድረስ መሥመሩን ክፍት አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ምላሹ ወዲያው ይመጣል፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ተራ ስልክ ይበቃል።

ጥሬ ገንዘብ ሲቈጠር ገዢና ሻጭ ስሕተቱን በዓይናቸው ያያሉ። በትእዛዝ ግን አንዲት አኃዝ ብትሳሳት ገንዘቡ ወደማይታወቅ ሰው ሊሄድ ይችላል፤ ላኪውም ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። እንግዲህ የምስጢሩን ቁጥር ከመጻፍ በፊት የተቀባዩን ቁጥርና የገንዘቡን ልክ ደግሞ ማንበብ ይገባል እንላለን፤ ለማረም የቀረው ጊዜ ይኸው ብቻ ነውና።