ቴሌቪዥን ለመምህሩ ሲታዘዝ

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ተመልካቹ የለመደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከሩቅ የሚላክለትን ተቀምጦ ማየት። «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት በ1997 ዓ.ም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባ ጊዜም ልማዱ አልተለወጠም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበር፤ ተማሪው ባይገባው «ቆይልኝ» ሊለው አይችልም፤ መምህሩም ወደ ኋላ ሊመልሰው ሥልጣን አልነበረውም።

ይሁን እንጂ ይህንኑ ዕቃ ታዛዥ ማድረግ ይቻላል። መንገዱም ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው።

ነገሩ የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝና በአሜሪካ ለየቤቱ የተሸጡት ሲንክሌርና ኮሞዶር የተባሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች የራሳቸው መስኮት አልነበራቸውም። በአንቴናው ቀዳዳ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር ይገናኙ ነበርና፣ የዚያ ዘመን ወጣት የኮምፒውተርን ሀሁ የቆጠረው በቤተሰቡ ቴሌቪዥን ላይ ነው።

እንግዲህ በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ የተመደበ አንድ ወጣት መምህር እናስብ። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ቢሆን፣ ስድሳ ተማሪ በአንዲት ትንሽ መስኮት ዙሪያ ተጋፍቶ ምን ያያል?

ሥራው ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ የሁለቱን ዕቃዎች ቀዳዳ መመርመር ነው። ኤች.ዲ.ኤም.አይ. የሚባለው ጠፍጣፋ ቀዳዳ በሁለቱም ላይ ካለ፣ አንድ ገመድ ሥዕሉንም ድምፁንም ያደርሳል። ኮምፒውተሩ የቆየ ሆኖ ባለ 15 ቀዳዳው ቪ.ጂ.ኤ. ብቻ ካለው ግን ገመዱ ሥዕል እንጂ ድምፅ አይወስድም፤ ለድምፁ ሌላ ገመድ ያሻል። ቪ.ጂ.ኤ.ን ከኤች.ዲ.ኤም.አይ. ጋር ለማጋጠም ደግሞ ተራ ገመድ አይበቃምና፣ ምልክቱን የሚለውጥ መሣሪያ መግዛት ግድ ነው። ከዚያ በቴሌቪዥኑ ሪሞት «ሶርስ» የሚለውን ተጭኖ ገመዱ የገባበትን መምረጥ፣ በኮምፒውተሩም የዊንዶውስን ቁልፍና «ፒ»ን አብሮ መጫን ነው። የሥዕሉ ዳር ቢቆረጥ በቴሌቪዥኑ የሥዕል መጠን ማስተካከያ ይታረማል። ፊደሉም ከኋላ ወንበር እንዲነበብ ተለቅ ይደረግ።

በእርግጥ መብራት በሌለበት ገመድ ብቻውን ምንም አያደርግም። መብራቱ ባለበት ግን ትርፉ ቀላል አይደለም። መምህሩ ትምህርቱን ያቆማል፣ ይመልሳል፣ በአማርኛ ወይም በኽምጣንግ ያብራራል። ተማሪዋም ወደ ፊት ወጥታ በጓደኞቿ ፊት ትጽፋለች፤ ስሕተቷን ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም አብሮ ያርመዋል። ትናንት ተመልካች የነበረች ዛሬ ሠሪ ሆነች ማለት ነው።

«ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ በየወረዳው የተመደባችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ አዲስ ዕቃ ይገዛልን ብላችሁ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የዕቃ ግምጃ ቤቱን በር አስከፍታችሁ ተመልከቱ እንላለን። ምናልባት የጎደለው አንድ ገመድ ብቻ ይሆናል።