አረፋ ገፋፊው መሣሪያ፦ የፕሮቲን ስኪመር ፊዚክስ፣ አመራረጥና አያያዝ

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በክረምት ደፍርሰው ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወርዱ፣ ውሃው ከድንጋይና ከዳርቻ በሚጋጭበት ሥፍራ ሁሉ ቡናማ አረፋ ይከማቻል። ከጣራ ገዳም ግርጌ እስከ ወረታ ያለ ነዋሪ ይህንን በየዓመቱ ያያል። አረፋው የሳሙና ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ በአብዛኛው ከበሰበሰ ቅጠልና ሣር የሚወጡ ኦርጋኒክ ውሁዶች ሥራ ነው። ይኸው የተፈጥሮ ሂደት በአንድ ቱቦ ውስጥ ተገድቦ ሲከናወን፣ ትልልቅ የጨው ውሃ አኳሪየሞችን የሚያጠራ መሣሪያ ይሆናል። መሣሪያው ፕሮቲን ስኪመር ይባላል፤ «አረፋ ገፋፊ» ብንለው ሥራውን በሚገባ ይገልጸዋል። በዚህ ጽሑፍ የመሣሪያውን አሠራር፣ አመራረጥና አያያዝ እንቃኛለን፤ ለፎገራ ዓሣ አርቢ ይጠቅም እንደሆነም እንመረምራለን።

አረፋ እንዴት ያጠራል?

ቅቤ የሚያነጥር ሰው ከላይ የሚሰበሰበውን አረፋ እየገፈፈ ይጥላል። የስኪመሩም ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከዓሣ ጽዳጅና ከምግብ ትራፊ የሚወጡት ፕሮቲኖችና ስቦች አንዱ ጫፋቸው ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ውሃ ጠል ነው። ስለዚህ ውሃና አየር በሚገናኙበት ገጽ ላይ ይሰፍራሉ፤ ውሃ ጠሉ ጫፍ ወደ አየሩ ይዞራል። የአየር እንክብሎች ወደ ላይ ሲወጡ እነዚህን ውሁዶች ተሸክመው አረፋ ይሠራሉ፤ አረፋውም በአንገቱ አልፎ ወደ መሰብሰቢያው ጽዋ ይፈስሳል። ጥቅሙ ቆሻሻው በስብሶ አሞኒያ ከመሆኑ በፊት መወገዱ ነው። አንዴ አሞኒያ ወይም ናይትሬት ከሆነ በኋላ ግን አረፋ ሊይዘው አይችልም።

እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር የእንክብሎቹ መጠን ነው። አንድ ሊትር አየር 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው እንክብሎች ሲከፋፈል 1.2 ካሬ ሜትር ገጽ ይሰጣል፤ በ1 ሚሊ ሜትር ሲሆን 6 ካሬ ሜትር፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሲሆን ደግሞ 12 ካሬ ሜትር ይሆናል። በተጨማሪም ትንንሾቹ ቀስ ብለው ስለሚወጡ ከውሃው ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ።

ጨው የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ እንክብሎች ሲነካኩ ይዋሐዱና ይተልቃሉ። በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ባለው የባሕር ውሃ ግን መዋሐዳቸው በእጅጉ ይገታል። ክሬይግ፣ ኒንሃምና ፓሽሊ እ.ኤ.አ. በ1993 «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጥናት ይህ ባሕርይ በጨዉ ዓይነትና መጠን እንደሚወሰን አሳይተዋል። የክስተቱ መንሥኤ ግን ዛሬም ሳይንቲስቶችን ያከራክራል።

ምን ዓይነቱን እንምረጥ?

በሣጥኑ ላይ «እስከዚህ ሊትር ድረስ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በጋራ መመዘኛ ያልተለካ በመሆኑ ብቻውን አያስተማምንም። ይልቁንም የቱቦውን ይዘት፣ በሰዓት የሚስበውን አየርና የፓምፑን ፍሰት ማየት ይገባል። ለምሳሌ 1,000 ሊትር ገንዳ በሰዓት አንድ ጊዜ በስኪመሩ እንዲያልፍ ብንፈልግና ቱቦው 30 ሊትር ቢይዝ፣ ውሃው በውስጡ የሚቆየው 108 ሰከንድ ነው፤ ይህም ለሥራው በቂ ነው።

ከመጠን በላይ ትልቅ መግዛትም አይበጅም። ዓሣዎቹ ጥቂት ከሆኑ ፕሮቲኑ ሰፊውን አንገት የሚሞላ አረፋ ሊያጸና አይችልም። ኬሚስቱ ኬን ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ባወጣቸው ልኬቶች፣ የተፈተሹት ስኪመሮች ከውሃው ኦርጋኒክ ካርቦን ያስወገዱት ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነበር። ስለሆነም ስኪመር የባክቴሪያ ማጣሪያንና ውሃ መለወጥን ያግዛል እንጂ አይተካም።

አያያዙ

አዲስ ስኪመር ከፋብሪካ የተረፈው ቅባት እስኪለቅቀው ድረስ ለጥቂት ቀናት አረፋው ያልተረጋጋ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ መታገሥ እንጂ መቆጣጠሪያውን በየሰዓቱ መነካካት አያስፈልግም። በዙሪያው ያለው የውሃ ከፍታ እንዳይለዋወጥ መጠበቅ አለበት። በአንገቱ ላይ የሚጋገረው ቅባት አረፋን ስለሚያከስም በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ መጠረግ ይኖርበታል። የአየር መሳቢያው ቀዳዳ በጨው ሲደፈን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል።

በደጋው አገራችን ሌላም ጉዳይ አለ። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የባሕር ውሃ በዳርቻ 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን በሊትር ሲይዝ፣ በዚህ ከፍታ 5.4 ገደማ ብቻ ይይዛል። ስኪመሩ አየርም ስለሚያቀላቅል፣ መብራት ሲጠፋ ዓሣዎቹን ቀድሞ የሚያሰጋቸው የቆሻሻው መከማቸት ሳይሆን የኦክስጅን እጥረት ነው። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከስኪመሩ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ለፎገራስ?

የጣናና የገባሮቹ ውሃ ጨዋማ አይደለም። በመሆኑም ብዙ ቆሻሻ ካልተከማቸ በቀር በዓሣ ኩሬ ውስጥ ጥቃቅን እንክብሎችም ሆኑ የሚጸና አረፋ ማግኘት አዳጋች ነው። የርብ አረፋ በክረምት የሚታየው ጎርፉ እጅግ ብዙ ኦርጋኒክ ውሁድ ጠርጎ ስለሚያመጣና ውሃው በኃይል ስለሚናጥ ነው። ስለዚህ የፎገራ ዓሣ አርቢ ገንዘቡን ለስኪመር ከሚያወጣ ይልቅ ደለል ለሚያስቀር ኩሬ፣ ባክቴሪያ ለሚያረባ የጠጠር ማጣሪያና ለአየር መስጫ ቢያውል ይጠቀማል እንላለን። መሣሪያን ከመግዛት በፊት ውሃን ማወቅ ይቀድማልና።