ለሕክምና ምርምር ምስሎች የሚሆን የመረጃ መጋዘን ስለ መምረጥ

በአሁኑ ጊዜ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የሰውን የውስጥ አካል የሚመረምሩት በሲቲ ስካንና በኤም. አር. አይ. መሣሪያዎች በሚነሡ ምስሎች ነው። እነዚህም ምስሎች በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጡ በመሆናቸው፥ የምርምር ተቋማት በኔትዎርክ አማካይነት ብዙ ሠራተኞች በአንድነት የሚገለገሉበት ትልቅ የመረጃ መጋዘን ያስፈልጋቸዋል። የሥራውን ስፋት ለመገመት ያህል፥ ዩኬ ባዮባንክ የተባለው የብሪታንያ የምርምር ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንጎል፥ የልብና የሌሎች አካላት ምስል ሲያነሣ ቆይቶ፥ በ2025 እ.ኤ.አ. 100,000ኛውን ሰው አስመዝግቧል።

እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ የሚሸጥ ነጋዴ የዕቃውን መመዘኛ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚጀምረው ዋጋ የሚወዳደረው በዲስኮቹ ጠቅላላ መጠን ብቻ ሲሆን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት በእርግጥ የሚሠራበት መጠን ነው። በካርቶኑ ላይ 20 ቴራባይት ተብሎ የተጻፈ ዲስክ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ 18.2 ያህል ሆኖ ይታያል። ይህም ጉድለት አይደለም፤ አምራቹ በ1,000 እያባዛ ሲቆጥር፥ ኮምፒዩተሩ በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥር ነው። ከዚህም በቀር፥ ሬይድ 6 በሚባለው አሠራር ሁለት ዲስኮች ቢበላሹ እንኳ መረጃው እንዳይጠፋ የሁለት ዲስክ ስፍራ ለጥበቃ ይውላል። ስለዚህ 8 ባለ 20 ቴራባይት ዲስኮች ያሉት መጋዘን 160 ተብሎ ቢሸጥም፥ ለሥራ የሚቀረው 120 ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተሩ አቆጣጠር 109 ያህል ይሆናል። 150 ቴራባይት ምስል ያለው ተቋም ይህን ዕቃ ቢገዛ ምስሉ አይገባለትም። እንግዲህ በፕሮፎርማው ላይ ጠቅላላው መጠንና ለሥራ የሚውለው መጠን ተለይተው ሊጻፉ ይገባል።

የሁለት ዲስክ ጥበቃ ትርፍ ወጪ የሚመስለው ገዢ አይታጣም። ነገር ግን አንድ ዲስክ ተበላሽቶ ሌላ ሲተካለት፥ መረጃው በአዲሱ ላይ እንደገና መጻፍ አለበት። በሰከንድ 200 ሜጋባይት ቢጻፍ፥ 20 ቴራባይት ለመሙላት 28 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መጋዘኑ ሌላ ሥራም እየሠራ ከሆነ ከዚህ ይበልጣል። የአንድ ዲስክ ጥበቃ ብቻ ያለው መጋዘን በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ዲስክ ቢበላሽበት መረጃው ይጠፋል። የዲስኩ ዓይነትም ሊጣራ ይገባል፤ ኤስ. ኤም. አር. የሚባለው ዲስክ መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ አደራርቦ ስለሚጽፍ፥ ለእንዲህ ያለው የመተካት ሥራ እጅግ ዘገምተኛ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. አንዳንድ አምራቾች ይህን ዓይነት ዲስክ ሳይገልጹ ሲሸጡ መገኘታቸው በገዢዎች ዘንድ ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል።

ቀጥሎ የሚታየው ፍጥነት ነው። 1 ጊጋቢት በሆነ መስመር አንድ ቴራባይት ለማስተላለፍ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከ13 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ በ10 ጊጋቢት መስመር ግን 14 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ መጋዘኑ ብቻ ፈጣን ቢሆን ጥቅም የለውም፤ ገመዱም፥ መስመሩን የሚያከፋፍለው ስዊችም፥ የተመራማሪው ኮምፒዩተርም ለዚሁ ፍጥነት የተሠሩ መሆን አለባቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን የዲስክ ጥበቃን እንደ ተጠባባቂ ቅጂ መቁጠር ነው። ሬይድ ዲስክ ሲበላሽ ያድናል እንጂ፥ ፋይል በስሕተት ሲደመሰስ አያድንም። በጃፓን አገር በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. 77 ቴራባይት የሚሆን የ14 የምርምር ቡድኖች መረጃ ጠፍቷል። ለዚህ ምክንያት የሆነው ቅጂ በሚያዘጋጀው ፕሮግራም ላይ የተፈጠረ ስሕተት እንጂ የዲስክ ብልሽት አልነበረም፤ ከቡድኖቹም የአራቱ መረጃ ከቅጂ ሊመለስ አልቻለም። ዕቃውን ያቀረበው ድርጅትም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ መሆኑን በጽሑፍ አምኗል።

ስለዚህ በሙያው የታወቀው ደንብ መረጃው በሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፥ አንዱም በሌላ ስፍራ እንዲቀመጥ ያዛል። ለዚህም ማግኔቲክ ቴፕ ዛሬም ተፈላጊ ነው፤ ኤል. ቲ. ኦ. 9 የተባለው አንዱ ቴፕ 18 ቴራባይት ይይዛል። የሁለተኛው ቅጂ ዋጋ ያልተጨመረበት የዋጋ ማቅረቢያ ርካሽ ቢመስልም ያልተሟላ ነው።

የሕሙማን ምስል ምስጢር መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሻው ወገን ነው። ስለዚህ መጋዘኑ መረጃውን በምስጢር ቁልፍ የሚዘጋና ማን ምን እንደ ከፈተ የሚመዘግብ ሊሆን ይገባል። መብራት በድንገት ሲቋረጥ ጉዳት እንዳይደርስም ኃይል የሚይዝ የባትሪ መሣሪያ አብሮ ይቀርባል።

በመጨረሻም አስመጪው ተመሳሳይ መለዋወጫ ዲስኮችን በመጋዘኑ ቢያኖር፥ ዲስክ በተበላሸ ጊዜ ገዢው ዕቃ ከውጭ አገር እስኪመጣ ሳምንታት አይጠብቅም። የጠፋ ዲስክ በሌላ ይተካል፤ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የተነሣ የአንድ ሕመምተኛ ምስል ግን ሕክምናው ካለፈ በኋላ ዳግመኛ ሊነሣ አይችልም። ይህን ለገዢው አስቀድሞ የሚያስረዳ ነጋዴ በመጀመሪያው ጨረታ በዋጋ ቢበለጥ እንኳ፥ ለሁለተኛው ግዢ የሚፈለገው እርሱ ይሆናል።