ያውቁ ኖሯል? እንዶድ ያሸለማቸው ሁለቱ ተመራማሪዎች

ከሳሙና በፊት የእናቶች ልብስ ማጠቢያ የነበረው እንዶድ ሁለት ኢትዮጵያውያንን ለዓለም አቀፍ ሽልማት አብቅቷል።

በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ አንድ ነገር ዓይናቸውን ሳበው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይንሳፈፉ ነበር። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚራባው በእነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነውና፣ እነሱን ማጥፋት የበሽታውን መተላለፊያ መዝጋት ነው። ገዳዩም አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው የፍሬው ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ።

የግብርና ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከበርካታ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ብርቱ የሆነውንና «ዓይነት 44» የተባለውን መረጡ።

ዕውቅናው ግን ፈጥኖ አልመጣም። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1989 እ.ኤ.አ.፣ ሁለቱ ሳይንቲስቶች «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የስዊድን «ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 እ.ኤ.አ. አረፉ።

እሳቸው የመሠረቱት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የምርምር ተቋም በኋላ «አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት» ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል።