ስሙ የጠፋውን እንሰት እንዴት እንለያለን?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እንሰት ነው። “እንሰትማ ጓሯችን ሞልቷል፣ ምኑ ይጻፋል?” እንዳትሉ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ጓሯችሁ ያለው እንሰት ስሙ ማን ነው? አላወቃችሁም አይደል!

እኛ በወላይትኛ “ኡታ” የምንለው እንሰት ብዙ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በወላይታ 67 ዓይነት መኖሩን ጽፏል። ማዝያ እና አርክያ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ችግሩ እንሰት ላይ ስሙ አልተጻፈም። ስሙ ያለው ትልልቅ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ስሙን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? የእንሰት አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ በአገራችን መኖሩ በሳይንቲስቶች የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ከዚያ ይሞታል። የሚያድነው መድኃኒት የለም። ማዝያ ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋመዋል፣ አርክያ ግን ቶሎ ይያዛል። አምና በሽታው እኛ ጓሮ ገብቶ ብዙውን ጨረሰው፤ ሦስት ብቻ ቆመው ቀሩ። አባቴ የነሱን ችግኝ ማባዛት ፈለገ። ነገር ግን ከገበያ የተገዙ ስለሆኑ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው የለም። እንሰት ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ያልሆነውን ዓይነት ካባዛን ያ ሁሉ ዓመት በከንቱ ይሄዳል።

ስለዚህ አያቴን ጠየቅናት። እሷ የምታያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. ግንዱ፦ አረንጓዴ ነው፣ ቀላ ያለ ነው ወይስ ጥቁር ነጠብጣብ አለው?
2ኛ. የቅጠሉ መሃል አጥንት፦ ከጀርባው ሲታይ ቀለሙ ምንድን ነው?
3ኛ. የቅጠሉ አቋቋም፦ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል ወይስ ተንጠልጥሏል?
4ኛ. “ወንድ” ነው “ሴት”? ይሄ እንደ እንስሳ አይደለም። ጠንካራውና ዘግይቶ የሚደርሰው “ወንድ” ይባላል፤ ለስላሳውና አሚቾው ተቀቅሎ የሚጣፍጠው “ሴት” ይባላል።

ልብ በሉ! ለመለየት ብላችሁ በቢላ አትቁረጡ። በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በቢላም ጭምር ነው።

አያቴ አንዱን “ማዝያ ነው” አለች። ሁለቱን ግን ዞራ ዞራ አይታ “እነዚህን አላውቃቸውም” አለች። እኔ ገረመኝ፣ ምክንያቱም እሷ የማታውቀው እንሰት ያለ አይመስለኝም ነበር። ለካ በመልክ ብቻ መለየት ከባድ ነው። ችግኝ ሲሆን ምልክቱ ገና አይታይም። ጥላ ውስጥ ያለውና ፍግ ያገኘውም መልኩ ይለያያል። ስምም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት 146 እንሰቶችን በዲኤንኤ መርምሮ ነበር። ከነሱ 58ቱ እርስ በርሳቸው የሚደጋገሙ ሆነው በ21 ቡድን ተጠቃለሉ። አንዱ እንሰት በየአካባቢው ሌላ ስም ይሰጠዋል ማለት ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ እንሰት የሚባዛው ከእናቱ አሚቾ በሚበቅል ችግኝ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ እንደ እናታቸው ናቸው። እንደ ዲቃላ በቆሎ አይደለም። የዲቃላ በቆሎ ፍሬ ተመልሶ ሲዘራ ልጁ እንደ እናቱ አይሆንም። የእናቲቱ እንሰት ስም አንዴ ከተጻፈ ግን ለልጆቿ ሁሉ ያገለግላል።

እኛ ቤት ያደረግነውን እናንተም አድርጉ። ከአሮጌ ጀሪካን ትንሽ ቁራጭ ቁረጡና ስሙን፣ ከየት እንደመጣና የተተከለበትን ቀን በማርከር ጽፋችሁ አጠገቡ ትከሉ። ቁራጩ ሊጠፋ ስለሚችል የጓሮውን ካርታ ደብተር ላይ ሳሉ። ስሙን ካላወቃችሁ “ስሙ ያልታወቀ፣ ከገበያ የመጣ” ብላችሁ ጻፉ እንጂ በግምት ስም አታውጡ። የውሸት ስም ስም ከሌለው ይብሳል፤ ሰው አምኖት ይተክላልና። ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከየቦታው የተሰበሰቡ እንሰቶችን እየተከለ ያጠናል።

ተማሪዎች፣ እኛ መጻፍ እንችላለን፤ አያቶቻችን ደግሞ ስሙን ያውቃሉ። ሁለቱ የሚገናኙት አሁን ነው። ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ይዛችሁ ከአያታችሁ ጋር ጓሮ ውጡ። በሚቀጥለው እትም ያገኛችሁትን ስም ለክለባችን አምጡልን። ሰላም ሁኑ!