ወንጪን በእግር

የወንጪ ሐይቅ ያለበት ጎድጓዳ አፋፍ ድረስ መኪና ይደርሳል። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር፣ ከአምቦ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን አፋፉ ላይ ቆሞ፣ ፎቶ ተነሥቶ የተመለሰ ሰው ወንጪን አይቷል ለማለት እቸገራለሁ። ወንጪ የሚታወቀው ወደ ውስጡ ሲወርዱ ነው።

ቦታው የጥንት እሳተ ገሞራ አናት ወደ ውስጥ ተደርምሶ የተፈጠረ ሰፊ ጎድጓዳ ነው። ከፍተኛው ጫፍ 3,386 ሜትር ይደርሳል። ሐይቁ ከዚያ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተኝቷል፤ ጥልቀቱም ከ100 ሜትር ያልፋል። ቁልቁለቱ ሲጀመር መንገዱን ግራና ቀኝ የሚያጅበው አስታ ነው፤ ቅጠሉ መርፌ ያህል የደቀቀ፣ አበባው ነጣ ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ጤዛ አዝሎ የሚያልፈውን ሰው ትከሻ የሚያረጥብ። ዝቅ ሲሉ ጥድና ኮሶ ይመጣሉ፤ ከዚያ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ በየቤቱ ጓሮ እንሰት።

ወንጪን ከታጠረ ፓርክ የሚለየው ይህ ነው፤ ጎድጓዳው ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ንብ ያነባል። መንገዱ በጓሮ ስለሚያልፍ እንሰት ሲፋቅ ቆሞ ማየት ይቻላል። ሴቲቱ የእንሰቱን ልጣጭ በዘመመ ሳንቃ ላይ ዘርግታ ትይዛለች፤ በተሳለ ቀርከሃ ወደ ታች ስትስበው ነጩ ሥጋ ይወርዳል፣ ቃጫው በእጇ ይቀራል። የወረደው በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላና ቆጮ ይሆናል።

ከሐይቁ ዳር በጀልባ ወደ ቂርቆስ ገዳም ደሴት ይሻገራሉ። ከዚያ ማዶ ባለው ሸለቆ ፍል ውሃና የማዕድን ምንጭ አለ። እሳተ ገሞራው ነበልባሉ ቢጠፋም ሙቀቱ ከሥር አልጠፋም። እዚያው ግድም በምትገኘው አምቦ ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው ውሃም አረፋውን የሚያገኘው ከምድር ውስጥ ከሚወጣ ጋዝ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ግን የውሃው አካሄድ ነው። ከወንጪ ሐይቅ የሚወጣው ውሃ በዋልጋ ወንዝ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም ኦሞን ይዞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ጎረቤቱ የደንዲ ሐይቅ ደግሞ ውሃውን ለሁሉቃ ይሰጣል፤ ሁሉቃ አምቦን አቋርጦ ወደ ጉደር፣ በጉደርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ተራሮች፣ የአንዱ ውሃ ቱርካና ሲቀር፣ የሌላው ሜዲትራኒያንን ይመኛል።

ጎብኚን የሚያስተናግዱት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ማኅበር አቋቁመው ፈረስ ያከራያሉ፣ መንገድ ይመራሉ፣ ጀልባ ይቀዝፋሉ። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ሲመረጥ፣ በእኔ እምነት ክብሩ በመጀመሪያ የእነርሱ ነበር። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከታቀፈ ወዲህ መንገዱም ማረፊያውም ተሻሽሏል፤ እንግዳውም በዝቷል።

እንግዳ ሲበዛ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። በክረምት የፈረስ ኮቴ ያላላውን አፈር ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል፤ መንገዱ ቦይ ይሆናል፣ ተጓዡ ቦዩን ሸሽቶ ሣሩን ሲረግጥ ሌላ ቦይ ይከፈታል፣ አፈሩም መጨረሻው ሐይቁ ነው። በሌላው ዓለም በዱር እንስሳት መጠለያዎች ረግረግ ላይ ከፍ ያለ የሳንቃ መተላለፊያ የሚዘረጋው እግር አፈሩንና ሣሩን እንዳይነካ ነው። በወንጪም ሐይቁ ዳር ባለው እርጥብ ቦታ ሳንቃ፣ ቁልቁለቱ ላይ የድንጋይ ደረጃ፣ ለፈረስም የብቻው መንገድ ቢበጅ ወጪው አያስቆጭም።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ቢሄድ ይሻላል። ማልዶ ይውረድ፤ ሽቅብ ሲመለስ ከፍታው ትንፋሽ ስለሚያሳጥር ለፈረስ የሚሆን ገንዘብ ይዞ ይሂድ።